ሁለት ዓይነት ቆጠራ፣ አንድ ታብላ፦ የዛኪር ሁሴን ጉዳይ

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በጂጂ በር ነው። እጅጋየሁ ሽባባው «ናፈቀኝ»ን እና «መንገደኛ»ን መድረክ ላይ የተጫወተችበት፣ በ2002 የወጣ አንድ አልበም አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) የተቀዳው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ስተርን ግሮቭ በሚባል ቦታ ነው። ባሕር ዛፍ የከበበው ሸለቆ ነው፤ በነጻ የሚገባበት የሙዚቃ ዝግጅት ይደረግበታል። ባንዱ ታብላ ቢት ሳይንስ ይባላል። ቤዙን የያዘው ቢል ላዝዌል ነው፣ የጂጂን የ2001 አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው። ከሕንድ በኩል ሳራንጊ (እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ የክር መሣሪያ) የሚጫወቱት ኡስታድ ሱልጣን ካን አሉ። የሕንዱ ከበሮ ታብላ ላይ ደግሞ ዛኪር ሁሴን።

እኛ አገር ብዙ ሰው ታብላን የሚያውቀው ከሂንዲ ፊልም ነው። እኔም እንደዛው። ስለዚህ ያን ድምፅ ለረጅም ጊዜ የሰማሁት ወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ቅመም ነበር። አንድ ቀን ግን ጆሮዬን ሰጥቼ ስሰማው ጥያቄ መጣብኝ። ራጋ የሚባለው የሕንድ የዜማ ስልት አለ፣ ዲጄ አለ፣ አማርኛ ዘፈን አለ። ይሄ ሰውዬ በአንድ ምሽት ከሁሉም ጋር ሲጫወት እንዴት ነው ከማንም ጋር የማይጋጨው? መልሱን ስፈልግ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1975። ሻክቲ የሚባል ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን መድረክ ላይ የቀዳበት ዕለት።

የማወራው በዋናነት ስለዚያ ቡድን ነው።

በጆሮ የገባ

ዛኪር የተወለደው መጋቢት 9 ቀን 1951 ቦምቤይ ነው። አባቱ ኡስታድ አላ ራካ ናቸው፣ የፑንጃብ የታብላ አመታት ስልት ትልቅ ሰው፣ የሲታር ተጫዋቹ የራቪ ሻንካር አጃቢ። (አባትየውን አንቱ፣ ልጁን አንተ እያልኩ ነው የምቀጥለው። ብዙ ከሰማኸው ሙዚቀኛ ጋር አንቱ መባባል ያስቸግራል።)

ዛኪር ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ታሪክ ነበረች። ሕፃኑ ወደ ቤት ሲገባ በልማዱ አባት በጆሮው ጸሎት ማንሾካሾክ አለበት። አላ ራካ ልጁን ተቀብለው በጆሮው የታብላ ምት ያንሾካሹኩለት ጀመር። እናትየው ተቆጡ። እሳቸውም የእኔ ጸሎት ይሄው ነው አሉ።

ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይቀሰቀስ ነበር። እስከ ንጋት ድረስ አባትና ልጅ ተቀምጠው ምት ያነበንባሉ። ከበሮ አይነካም፤ በአፍ ብቻ። ከዚያ ልጁ መድረሳ ሄዶ ቁርዓን ይቀራል፣ ቀጥሎ የክርስቲያን ትምህርት ቤቱ ጋ ሄዶ መዝሙር ይዘምራል፣ ከዚያ ክፍል ይገባል። ይህንንም ራሱ ነው የሚናገረው፣ ምንም እንዳልነበረ ነገር እየሳቀ።

የአፉ ነገር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መሠረቱ እሱ ነው። ታብላ ሁለት ከበሮ ነው። በቀኝ እጅ የሚመታው ከእንጨት፣ በግራ የሚመታው ከብረት የተሠራ። ቆዳው ላይ ያለችው ጥቁር ክብ ከብረት ብናኝና ከሊጥ የተለወሰች ናት፤ ከበሮው ከማስተጋባት አልፎ ዜማ ያለው ድምፅ የሚሰጠው በእሷ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ አመታት ስም አለው። ና፣ ቲን፣ ጌ፣ ኬ፣ ሁለቱ እጆች አብረው ሲያርፉ ዳ፣ ዲን። ተማሪው እጁ ከመፍታቱ በፊት አፉ ይፈታል። የኛ አገር የዜማ ተማሪ መምህሩ ፊት ቃሉን ሲቀጽል ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ቃሉ ሳይያዝ እጅ የሚያውቀው ነገር የለም።

አሜሪካ

አላ ራካ ከራቪ ሻንካር ጋር በ1967 ሞንተሬይ፣ በ1969 ዉድስቶክ በሚባሉት ትልልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫሎች መድረክ ላይ ነበሩ። በ1968 ከጃዝ ድራመሩ በዲ ሪች ጋር አንድ አልበም ሠርተዋል። ስለዚህ ድልድዩን መጀመሪያ የረገጡት አባትየው ናቸው። አልበሙን ሰምቼዋለሁ። መከባበር የበዛበት ሰላምታ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ቤት ግን አልተለዋወጡም።

ልጅየው በ1970፣ በ19 ዓመቱ፣ የራቪ ሻንካር አጃቢ ሆኖ አሜሪካ ገባ። ሲያትል ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ቀጥሎ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ሳን ራፋኤል ወደሚገኘው የአሊ አክባር ኮሌጅ ሄደ፤ ሳሮድ የሚባለው የክር መሣሪያ ሊቅ አሊ አክባር ካን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። ኑሮውን እዚያው አካባቢ መሠረተ። ከተማሪዎቹ ጋር የከበሮ ቡድን አቋቁሞ፣ የሮክ ባንዱ የግሬትፉል ዴድ ድራመር ሚኪ ሃርት ተጨምሮበት በ1976 «ዲጋ» የሚል አልበም ሆኖ ወጣ።

ታብላ መቺ ያኔ ምን ቦታ እንደነበረው ማወቅ ያስፈልጋል። አጃቢ ነው። ወደ ጎን ይቀመጣል፣ ስሙ በትንሹ ይጻፋል፣ ክፍያውም እንደዚያው። የእነ አላ ራካ ትውልድ ከዚያ ነው ያወጣው። ከበሮ መቺው የሚወደድበት ግን የማይከበርበት አገር ሕንድ ብቻ አይደለም፣ አዝማሪን ያወቀ ይመሰክራል።

ችግሩ

ከውጭ ላለን ሰዎች «የሕንድ ሙዚቃ» አንድ ነገር ይመስለናል። እውነቱ ሁለት ትልልቅ ቤቶች መሆናቸው ነው። የሰሜኑ ሂንዱስታኒ ይባላል፣ የሙጋልና የፋርስ ቤተ መንግሥት አሻራ ያለበት። የደቡቡ ካርናቲክ ነው፣ ቤተ መቅደስ አካባቢ ያደገ፣ በተደረሱ መዝሙሮች ላይ የቆመ። መነሻቸው አንድ ነው። ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ዕለት በዕለት አብረው አይጫወቱም ነበር።

ልዩነቱ ከበሮው ላይ ሲደርስ ይከብዳል። በሰሜን ዙሩን፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚደገመውን የምት ቁጥር፣ የሚይዘው ታብላው ራሱ ነው። ለምሳሌ 16 ምት ያለው ቲንታል የተወሰነ፣ ሁሉም የሚያውቀው አመታት አለው። ታብላው እሱን እየደጋገመ ይጠብቃል፤ ሲታሩ እንደፈለገ ሄዶ ሲመለስ ቤቱን እዚያው ያገኘዋል። በደቡብ ግን ዙሩን የሚይዘው እጅ ነው፣ የዘፋኙም የታዳሚውም እጅ፣ በማጨብጨብና ጣት በመቁጠር። ምሪዳንጋም የሚባለው ከበሮ እንደ ሰሜኑ የታሰረ አመታት የለበትም፤ የመዝሙሩን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፣ ቃሉ ሲታጠፍ ይታጠፋል።

አሁን ሁለቱን አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጧቸው። ሰዓቱን ማን ይይዛል? የሰሜኑ ሰው ጠባቂ ሆኖ ከቀረ ደቡቡ ይጨፍርበታል፣ እሱ ግን ግድግዳ ይሆናል። ሁለቱም ከጨፈሩ ደግሞ ቤቱን የሚጠብቅ የለም። በዚያ ላይ አንድ እንግሊዛዊ የጃዝ ጊታሪስት ጨምሩ።

አራቱ

ጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊን ነው። የእሱ ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ በ1973 ያወጣው አልበም የአሜሪካን ሠንጠረዥ 15ኛ ደረጃ ድረስ የወጣ፣ ጆሮ የሚበጥስ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ነበር። ቡድኑ ሲፈርስ ሰውየው ሌላ መንገድ ያዘ። ኮኔቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ቪና የሚባለውን የደቡብ ሕንድ መሣሪያ ይማር ነበር። ቫዮሊኒስቱን ኤል. ሻንካርን ያገኘውም እዚያው ነው። ቪኩ ቪናያክራም ደግሞ ጋታም ይጫወታል። ጋታም እንስራ ነው በሉት፣ የሸክላ ማሰሮ። ታሚል ናዱ ውስጥ ማናማዱራይ የሚሠራው ዓይነት ጭቃው ላይ የናስ ብናኝ ይጨመርበታል። በጣት ይመታል፣ አፉ ሆድ ላይ ተደግፎ ይከፈታል ይዘጋል፣ ወፍራሙ ድምፅ ከዚያ ይመጣል።

እንግዲህ ዛኪር ከሰሜን፣ ሻንካርና ቪናያክራም ከደቡብ፣ ማክላፍሊን ከእንግሊዝ። የመጀመሪያው አልበም ላይ ራጋቫን የሚባል የምሪዳንጋም ተጫዋችም ነበረ። ኋላ እሱ ወጣ፣ አራት ሆነው ቀሩ። ይቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ለኔ የጉዳዩ እምብርት ናት። በደቡብ ሥርዓት ጋታም የምሪዳንጋም ተከታይ ነው፣ ሁለተኛ ከበሮ። ምሪዳንጋሙ ሲነሳ ማሰሮው ከታብላው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠ። አለቃ የለም። ሁለት በልማድ «አጃቢ» የሚባሉ መሣሪያዎች፣ ድራም የለ፣ ቤዝ የለ፣ ሁሉም ወለል ላይ።

መገናኛቸው ሂሳብ ሆነ። ይህን በእጃችሁ ሞክሩት፣ ከማንበብ ይሻላል። የ16 ምት ዙር ጀምሩ። ከመጀመሪያው ምት ላይ «ታ-ዲ-ጊ-ና-ቶም» በሉ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምት። አምስት ሄደ። አንድ ምት ዝም በሉ። ድገሙት። እንደገና አንድ ምት ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ድገሙት። 5 እና 1፣ 5 እና 1፣ 5። ድምሩ 17 ነው። ዙሩ ግን 16 ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋ «ቶም» የምታርፈው በአዲሱ ዙር አንደኛ ምት ላይ ነው። ሰሜኖቹ ያንን ምት ሳም ይሉታል፣ ሦስቴ ደግሞ እዚያ የማረፉን ዘዴ ደግሞ ቲሃይ። ደቡቦቹ ይህንኑ ሦስቴ ደግሞ ማረፍ ሞራ ብለው ይጠሩታል። የእነሱ አዲ ታላ የሚባለው ዙር 8 ምት ነው፣ ሁለት ዙሩ 16። ስሙ ሌላ፣ እጁ ሌላ፣ ማረፊያው ግን አንድ።

ማረፊያው ከታወቀ በመሀል ማንም የትም ሊሄድ ይችላል። የሰሜኑ ሰው ሁልጊዜ ጠባቂ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሁሉም በሆዱ እየቆጠረ ነው። ዛኪር ያደረገው ለውጥ ይሄ ይመስለኛል። የታሰረውን አመታት አላጠፋውም፣ ሲያስፈልግ ይመለስበታል። ግን የደቡቡን ልማድ ወሰደ፣ ዜማው ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍን። «ጆይ» የሚለውን የመጀመሪያውን አልበም ሥራ ስሙት። ጊታርና ቫዮሊን አንድ ላይ በሚያዞር ፍጥነት ይሮጣሉ፣ ከሥራቸው ያሉት ከበሮዎች እያንዳንዷን ማቆሚያ ያውቋታል።

ሁለተኛው አልበማቸው በ1976 ወጣ። የመጀመሪያው ሥራ «ላ ዳንስ ዱ ቦኖር» ሲከፈት መጀመሪያ የምትሰሙት አፍ ነው። ምት በቃል ይነበነባል፣ ደቡቦቹ ኮናኮል በሚሉት አነባበብ። መሣሪያው ገና ነው። ቦምቤይ፣ ማሂም ሰፈር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተነሳው ልጅ እዚህ ጋ ጠቀመው። ቃሉን በአፉ የያዘ ሰው የሌላውንም ቃል በአፉ መያዝ ይችላል።

ማክላፍሊንም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጊብሰን ውስጥ አብርሃም ዌክተር የሚባል ሠራተኛ ልዩ ጊታር ሠራለት። ከስድስቱ ክሮች ሌላ ድምፅ ማውጫውን ቀዳዳ አቋርጠው የሚያልፉ ሰባት ተጨማሪ ክሮች ነበሩት፣ ከሥር የሚያስተጋቡ። አንገቱ ላይ በብረቶቹ መካከል ያለው እንጨት ተፍቆ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ክሩን ወደ ውስጥ እየተጫኑ ድምፁን እንደ ቪና ማጠፍ እንዲቻል። ድብልቅ ሙዚቃ ሲባል እኔ የማየው ይህን ነው፤ መሣሪያህን እስከ መፋቅ ድረስ መሄድ።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ውስጥ መሆኑ ድንገት አይመስለኝም። ቦምቤይ ቢሆን ዛኪር የአላ ራካ ልጅ ነው፣ ማድራስ ቢሆን ቪናያክራም የማሰሮው ሰው ነው። ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ስደት አገር ግን ሁለቱም እንግዳ ናቸው። የሚያስቆጣቸው ታላቅ፣ የሚያፍሩበት ጎረቤት አጠገብ የለም። ዲያስፖራ ሲባል ሁሌ ናፍቆቱ ነው የሚወራው። ይሄኛው ጎኑ ብዙም አይነሳም።

ሽያጩ

አልተሸጠም። ቢያንስ ከማሃቪሽኑ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የመጀመሪያው አልበም ላይ ያሉት ሥራዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ከ18 ደቂቃ በላይ ነው፣ ሌላው 29 ደቂቃ ይሆናል። የትኛው ሬዲዮ ይህን ያጫውት? ኤሌክትሪክ ጊታር ፍለጋ የመጣ ታዳሚ አራት ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አገኘ። ሦስተኛው አልበም በ1977 ወጣ፣ በተከታዩ ዓመት ቡድኑ ተበተነ።

በቁጥር ከሄድን የከሸፈ ሙከራ ነው። አምስት ዓመት፣ ሦስት አልበም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ዛኪር ከኖርዌዩ ሳክስፎኒስት ያን ጋርባሬክ ጋር ቀዳ። በ1991 ከሚኪ ሃርት፣ ከናይጄሪያውያኑ ባባቱንዴ ኦላቱንጂና ሲኪሩ አዴፖጁ፣ ከፖርቶ ሪኮው ጆቫኒ ሂዳልጎ፣ ከብራዚሉ አይርቶ ሞሬራ ጋር «ፕላኔት ድራም»ን ሠራ። ቪናያክራምም እዚያ አለ። ለዓለም ሙዚቃ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ግራሚ፣ በ1992፣ የተሰጠው ለዚህ ሥራ ነው። በሕንድ ግን ተራው ሰው ፊቱን የሚያውቀው ከሻይ ማስታወቂያ ነው፤ ታጅ ማሃል ሻይ፣ ፀጉሩ እየተበተነ ታብላ ሲመታ፣ «ዋህ ታጅ!»። ክብር የሚመጣበት መንገድ አንዳንዴ ያስቃል።

ሁሉም ሙከራ ሰመረ አልልም። ታብላ ቢት ሳይንስን ራሱን ልውሰድ። ማሽን የያዘው ምት አይተነፍስም፣ አይታጠፍም። ታብላው መልሶ ጠባቂ ወይም ጌጥ የሚሆንባቸው ደቂቃዎች አሉ፣ የሻክቲ ተቃራኒ። ሰው ሲገባበት ነው ነገሩ የሚነሳው፣ የሱልጣን ካን ሳራንጊ፣ የጂጂ ድምፅ። ማሽን አይሰማህም፣ ዘፋኝ ይሰማሃል። አማርኛ የማይችል የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ፊት «ናፈቀኝ» ስትል ከጎኗ ያለው ሰው ሌላውን መስማት ሥራው አድርጎ የኖረ ነው።

መመለሱ

ሻክቲ በ1997 «ሪሜምበር ሻክቲ» ተብሎ ተመለሰ። ኋላ በቪናያክራም ቦታ ልጁ ሴልቫጋኔሽ ተተካ። ማንዶሊን የሚጫወተው ዩ. ስሪኒቫስ ገባ፤ በ2014 ገና በ45 ዓመቱ ሞተ። ሻንካር ማሃዴቫን፣ ቦሊውድ የሚያውቀው ድምፃዊ፣ ተጨመረ። በ2023 ሃምሳኛ ዓመታቸውን ይዘው ዓለምን ዞሩ፣ «ዚስ ሞመንት» የሚል አልበምም አወጡ። ስቱዲዮ ገብተው አልበም ሲሠሩ ከ1977 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው፣ 46 ዓመት።

የካቲት 4 ቀን 2024 ሎስ አንጀለስ። ያ የከሸፈው ቡድን ግራሚ ወሰደ። ዛኪር ያን ምሽት ብቻውን ሦስት ነው የያዘው፤ አንዱ ከሻክቲ ጋር፣ ሁለቱ ከባንጆው ቤላ ፍሌክ፣ ከቤዙ ኤድጋር ማየርና ከዋሽንቱ ራኬሽ ቻውራሲያ ጋር በሠራው ሥራ። አንድ ሕንዳዊ ሙዚቀኛ በአንድ ምሽት ሦስት ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር።

ዓመቱ ሳያልቅ፣ ታኅሣሥ 15፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሳንባን ጠባሳ እያደረገ የሚያደርቅ፣ መነሻው የማይታወቅ ሕመም ነበረበት። 73 ዓመቱ ነበር።

የስተርን ግሮቩን ቅጂ አሁንም እከፍተዋለሁ። «መንገደኛ» ጋ ስደርስ በጣቴ መቁጠር ለምዶብኛል፣ እንደ ደቡቦቹ። አንዳንዴ ማረፊያው ላይ አብሬው እገኛለሁ። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ምት ቀድሜ አጨበጭባለሁ።